ሀዲድ በሹካ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ጥብስ ቀባሁ። ሣህን፣ ጥብስ፣ ከጎኑ ቃሪያ። ዓይኔን ጨፍኜም እቀባዋለሁ... ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ገላፊ ድንበር ሹፌር የሚያየው ታፔላ ሁሉ ያው የኔ ሣህን ነው። ሠዓሊ ነኝ ማለት ደግሞ! ማኅተም ብባል ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የእህቴ ልጅ ኑርሀያት ከሰመራ መጣች። እዚያ አስተማሪ ከሆነች ወዲህ ጫማዋን ሳታወልቅ ትገባለች እያልኩ አበሽቃታለሁ። ውሸቴን ነው፣ ታወልቃለች።

ስልኳ ላይ ሥዕል አሳየችኝ። ጭንቅላቱ ደመና የሆነ ሰውዬ። ባሕር የሚፈስበት ቁም ሳጥን።

"ሱሪያሊዝም ይባላል፣ አጎቴ።"

"በሽታ ነው?"

"ሥዕል ነው! እንደ ሕልም... የማይገናኘውን ማገናኘት።"

"ይሄን የሣለውን ሰውዬ ሙቀት መቶታል።"

"ሙቀት የመታው ሁሉ ቢሥል አዋሽ ሙዚየም በሆነች ነበር!"

አሸነፈችኝ። ከሄደች በኋላ ቁም ሳጥኔን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ሸሚዝ ብቻ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ካሚል ለምግብ ቤቱ አዲስ ታፔላ አዘዘኝ። "ፓስታ አድርግበት፣ ሹፌሩ እሱን ነው የሚወደው።" እሺ አልኩ። ወዲያው ሣህኑ መጣብኝ... ክብ፣ ነጭ፣ ያው። ቀና ስል አሮጌው ባቡር ጣቢያ። ሀዲዱ ዝጎ ፀሐይ ላይ ተኝቷል።

ለምን አይጠቀለልም?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሰቀልኩት! ትልቅ ሹካ ከሰማይ ወርዶ ሀዲዱን ከመሬት እየነቀለ ይጠቀልላል። ፉርጎዎቹ እንደ ሥጋ ስጎው ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ከታች አንዲት ፍየል አንገቷ ላይ ፎጣ አስራ ምሳዋን ትጠብቃለች። ፂሟ የካሚል ነው። አላስቻለኝም።

ካሚል አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፓስታ።"

"ወላሂ ሀዲድ ነው! ሰው ጥርሱን ሊሰብር ነው የሚመጣልኝ? እስከ ጁምዓ አያለሁ። ሰው ከሸሸኝ በነጭ ትደፍነውና ጥብስህን ትሠራለህ!"

እሺ አልኩ፣ እየሳቅኩ። ቤት ስገባ ሳቄ ጠፋ። ይሄ ከተደፈነ ወደ ሣህኑ መመለሴ ነው... እስከ መቼ?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሰዉ ቆሞ ያያል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። አይገባም። ካሚል የነጭ ቀለሜን ቆርቆሮ ወስዶ በሩ ላይ አስቀምጦታል። እንዳየው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ታፔላው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ላይ የሠሩ ሰው። ደነገጥኩ። እንዴት እሳቸውን ረሳሁ?

"ጋሼ... ተቀየሙኝ?"

ሹካውን ያያሉ። ሀዲዱን ያያሉ።

"እዚያ ተኝቶ ከሚዝግ ይበላ!" ብለው ዘው አሉ። ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። "ካሚል! አንድ ሀዲድ በአትክልት! ጾም ላይ ነኝ፣ ፉርጎ እንዳይገባበት!"

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ቆመው ያዩ ነበር። በሳቅ ፈርሰው ተከትለዋቸው ገቡ። "ለእኛ ፉርጎ ይብዛበት!" ከዚያ በኋላ ፓስታ ብሎ ያዘዘ የለም። ሁሉም ሀዲድ!

ጁምዓ፣ ኅዳር 19

ካሚል የነጭ ቀለሙን ቆርቆሮ መለሰልኝ። ፂሙን ግን አሳጥሯል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4፣ ሰመራ

ኑርሀያት ታፔላውን አይታ ጠራችኝ፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ፊት ቆሜያለሁ። ረጅም፣ ባዶ። ጥብስ ስቀባ ገና ቆርቆሮውን ሳልከፍት መጨረሻውን አውቀው ነበር። አሁን ምንም አላውቅም... ደስ ሲል!

"ምን ልትሥል ነው፣ አጎቴ?"

"እኔስ መቼ አወቅኩ?"

"ብቻ ፍየሏን እንዳትደግማት!"

"አልደግማትም። ግመል ነው ያሰብኩት።" ብሩሼን ነከርኩ። "ይልቅ ንገሪኝ... ርዕሰ መምህሩ ፂም አለው?"