ማሩ አይደለም

ለእህቴ ለይመኙሻል፣ ቤይሩት፤

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍ እንኳ ይወስድሻል ወይ? እህልስ ትቀምሻለሽ? የምትሠሪላት ሴትዮ ኀዘንሽን አይታ ትንሽ ታሳርፍሻለች ወይስ ያው ናት? እኛ፣ የጎደለችብንን ካላነሣን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ልጅሽን ዓለምብርሃንን በኅዳር ከቀበርን ወዲህ ልጽፍልሽ ልጽፍልሽ እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ ስለ አባባ ስል ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሐሊሜ ሱቅ ደውለሽ «ልጄን በማር ገደላችኋት» ስትዪ ለእኔ የተናገርሽ መስሎሽ ነበር። ስልኩ ግን አባባ ጆሮ ላይ ነበር። ስልኩን ለሐሊሜ አቀብለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቀፎዎቻቸው ጋ ደርሰው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ከክረምት መውጫ ጀምሮ ውኃ አልበቃት አለ፤ የበላችው የት እንደሚገባ እንጃ፣ ልብሷ ሁሉ ሰፋት። ጎረቤታችን ባንቺ፣ ታውቂያት የለ፣ መልስ የሌላት ነገር የለም፣ ዓይን ነው የበላት ብላ መንደሩን አዳረሰች። ሽንቷ ላይ ጉንዳን ሲሰፍርማ ይኸው ምልክቱ አለች። አባባ ግን የዋግ ነጭ ማር ያላነሣው ደካማ የለም ብለው፣ አንቺ ስትመጪ ጠጅ ሊጣልበት የከደኑትን ማሰሮ ከፈቱት። ለአራስ እንደምናደርገው በውኃ እየበጠበጡ ጠዋት ማታ በገዛ እጃቸው አጠጧት። እሷም ትጠማ የለ፣ ይጨምሩልኝ እያለች ትስቅላቸው ነበር። መቀሌ ስናደርሳት ግን ትንፋሿ ተለውጦ ሰው መለየት አቅቷት ነበር።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። በደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚከላከሉልን ጠባቂዎች አሉ አለኝ። አንዳንዴ፣ ለምን እንደሆነ እርግጡ ሳይታወቅ፣ የገዛ አካላቸውን እንደ ጠላት ያዩታል። የእሷዎቹ የዘመቱት ቆሽቷ ላይ፣ እዚያ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት ላይ ነው። ኢንሱሊን ሲያልቅ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀርና ሥጋ ይራባል። ይኸ ሁሉ ወራት የፈጀ፣ የማሩ ማሰሮ ሳይከፈት በፊት የተጀመረ ነገር ነው አለኝ። አልዋሽሽም፣ ማሩ ጥማቷን አብሶባታል ብሎኛል። በሽታውን ግን አላመጣውም። ቶሎ ደርሳ የኢንሱሊኑን መርፌ ብታገኝ ትተርፍ ነበርም ብሎኛል፤ ይኸኛው ጥፋት የሁላችንም ነው፣ የእሳቸው ብቻ አይደለም።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው፣ ንብም እንዲህ ታደርጋለች አሉ። በር የሚጠብቁት ንቦች የገዛ እህታቸው ሽታዋ ሲለወጥባቸው ነድፈው ይጥሏታል፤ ስንቴ ከቀፎ ሥር ለቅሜያለሁ አሉኝ። ደግሞም፣ በክፋት እኮ አይደለም፣ ቤታቸውን የጠበቁ መስሏቸው ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እህቴ፣ ኀዘንተኛ የተናገረው አይያዝበትም። እኔም አልያዝኩብሽ። እሳቸው ግን ይዘውታል። እህሉን ገፋ ያደርጉታል፤ ማር ቆረጣው አልፎ ንቦቹም ቀፎውን ጥለው ሸፍተዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪላቸው። ሐሊሜ ራሴ ሄጄ እጃቸውን ይዤ አመጣቸዋለሁ ብላለች።

እማዬ ጉንጭሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፤ ዛሬም የልጅቱን ቀሚስ ተንተርሳ ነው የምትተኛው። ወንድማችን ካሤ መቃብሯን በድንጋይ ካበውና አሁን ደህና ሆኗል፣ አታስቢ ብሎሻል። ጎረቤታችን ባንቺ እንኳ ሰላም በይልኝ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አባባን ደግሞ ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ የተረፈውን ማር አሳዩኝ። ድፉት ካለች ይደፋል፣ ይቀመጥ ካለችም ይቀመጣል፣ ብቻ ከአፏ ልስማው አሉኝ። ማሰሮውን መልሰው ከደኑት፤ እስካሁን እንደተከደነ ነው።

እህትሽ ዓይናዲስ
ሰቆጣ፣ ጥር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.