በራሪው ሰውዬ በጋሽ ከድር ሳሎን

ሐሙስ፣ ጥር 12 ቀን 1980

የስምንተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ግማሹ ክፍል አንድ ዓይነት ስህተት። ባለሱቁ ጋሽ ከድር ሰው ላኩብኝ። ጅዳ ያለው ወንድማቸው ቪዲዮ ልኮላቸዋል፤ አንዱ ካሴት እንግሊዝኛ ስለሆነ ቅዳሜ እንድተረጉምላቸው። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። ካባ ለብሶ ስለሚበር ሰውዬ።

ማስታወሻ ደብተሬ፣ ያ የማውቀው ፊልም ነው። አዲስ አበባ፣ በልጅነታችን ከወንድሜ ከኤልያስ ጋር በጎረቤት ቴሌቪዥን የምናየው። ኤልያስ ፊልሙ የተቀዳበትን የሥዕል መጽሔት ሳይቀር ፍራሹ ሥር ይደብቅ ነበር። ዛሬ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ደብዳቤው ከተቋረጠ ከረመ።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ሄድኩ። አከራዬን እማማ አበበችን ይዤ፤ ብቻዬን መግባት አፍሬ። ሳሎኑ ሞልቷል።

ያው ነው። ግን ሲበር ገመዱ ይታያል። የሚደረምሰው ግድግዳ ካርቶን መሆኑ ያስታውቃል። ፊልሙ ላይ ያለችውን የጋዜጣ ጸሐፊ መሆን እመኝ ነበር፤ ለካ ከመጮህ በቀር ሥራ የላትም። ሳቄ መጣ። ዞር አልኩ። ያኔን የሚያውቅ፣ አብሮኝ የሚስቅ ሰው የለም። መተርጎሜን ቀጠልኩ።

ከዚያ ዘበኞቹ ተኮሱበት። ጥይቱ ከደረቱ እየነጠረ ተመለሰ። አንዱን ዘበኛ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ቤቱ በሳቅ። ኤልያስ እዚህ ጋ ሲደርስ ነበር የሚያጨበጭበው። እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ልጅ ተነሣ?»

የቱ፣ አልኳቸው።

«ጠመንጃ የያዘው። ወደቀ እኮ።»

ስንቴ አይቼው ስለ እሱ አስቤ አላውቅም። ካሜራው በራሪውን ተከትሎ ሄዷል። ተነሥቷል እማማ፣ አልኩ። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ልጃቸውን ታደሰን ከሞርሲቶ ገበያ ሲመለስ ለጦር አፍሰው ከወሰዱት ወዲህ ወሬው የለም።

እሑድ፣ ጥር 15

ከቤ/ክ ሲመለሱ ጠብቄ ስለ ታደሰ ጠየቅኳቸው። አንድ ግቢ እየኖርን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ ነገሩኝ። አማርኛው አልበቃቸውም፣ በሃዲይኛ ጨረሱት። ቋንቋውን አላውቅም። ግን ገባኝ። እኔም ስለ ኤልያስ አወራሁ፤ እዚህ ለማስተማር ከመጣሁ ጀምሮ ስሙን ለሰው አንሥቼ አላውቅም።

የዘማቾች ቢሮ ሄጄ ስለ እሱ ጠይቄ እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም። ካልጠየቅኩ ደህና ነው ብዬ ነው የከረምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም እንደዚያው።

ማክሰኞ፣ ጥር 17፣ ጠዋት

ር/መምህሩን አስፈቅጃለሁ። ምክንያቴን አልጠየቀም። ዛሬ ከእማማ ጋር የዘማቾችን ጉዳይ የሚያይ ቢሮ እንሄዳለን። ብቻዬን ብሆን ከበሩ እመለስ ነበር።

ትናንት ማታ ተነጋገርን፤ የማንን ስም አስቀድመን እንጠይቅ? የታደሰን፣ አልኩ። የወንድምሽን፣ አሉ። አልተስማማንም። እኔም እሳቸውም መጨረሻ መሆን ነው የፈለግነው።

በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ጫማዬን አድርጌ ልውጣ።