አሥራ ሁለት ዙር

ጥር 4

ባለቤቴ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። "እኔ ላይ ከምትነጫነጭ እዚህ ላይ ተነጫነጭ" አለች። እሺ... ይኸው።

ጠዋት ጋራዥ ስገባ ቱታዬ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሠራሁበት ቤት! ለካ ፊውዝ ለብሶታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ እንለዋለን። "ላንተማ ጠቦሃል ጋሼ" አለኝ። ጠቦኛል እንዴ? ትንሽ።

የጦሩን አሮጌ ካሚዮኖች መጠገን አቁሙ ተባልን። አዲስ ሊመጣ ነው፤ ከባሕር ማዶ የተገዙ አርባ ብረት ለበስ መኪናዎች። "ሠራዊታችን ዘመነ" ይላል ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ። እኛ ጋራዥ የእጅ ሳሙና ካለቀ ሁለት ወሩ ነው።

ጥር 9

መጡ። እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። ቀለማቸው ገና ይሸታል። እጄን በቱታዬ ጠርጌ ነው የነካኋቸው፤ እሱንም ሰው ሳያየኝ።

ከሰዓት ሚጢ ደወለች። ልጄ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ወታደር ናት፣ ከባድ መኪና ትነዳለች፤ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ሚጢ ናት። ከአርባዎቹ አንዱን እንድትይዝ ተመርጣለች። ቁጥር አሥራ ሰባት። "አባዬ! አየር ማቀዝቀዣ አለው!" ጆሮዬን አደነቆረችው።

መንዳት ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ እሷን ብቻ ሳይሆን የጦሩን ሹፌር ግማሹን። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ መሪ አይደለም። "መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ መኪና ውስጥ አይገባም።" አንድ ባዶ ጠርሙስ ፍሬን ሥር ተንከባሎ ገብቶ ጓደኛዬን ገድሎብኛል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር አልቀልድም። የሚጢን ከረሜላ ሳይቀር በመስኮት ወርውሬባታለሁ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ጥር 13

ርክክብ ጀመርን። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ እኔ፣ ፊውዝና የንብረት ክፍል ኃላፊዋ። እሷን እመት ደረሰኝ እንላታለን። ያለ ደረሰኝ ሰላምታ እንኳ አትቀበልም።

በስተኋላ ሰባት ወታደር የሚቀመጥበት ክፍል አለ። ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩ ወፍራም ብረት ነው፤ ቁልፏን ስትጫን እዝዝዝ ብሎ በኤሌክትሪክ ይከፈታል። ጥሩ። ዘጋሁትና ፊውዝን ባትሪውን ንቀለው አልኩት። ነቀለው። ተጫንኩ። ጸጥ። ደግሜ ተጫንኩ። ጸጥ! ሌላ መውጫ የለም። ከሹፌሩ ቦታ የሚለየው የብረት ግድግዳ ነው፤ መዳፍ የምታክል መስታወት ብቻ አለችው። ወደ ላይ የሚከፈት ክዳን ያለው ሹፌሩ ጋ ብቻ ነው። ፊውዝ ከውጭ "ይመችህ ጋሼ!" እያለ ይስቃል። ላብ አጠመቀኝ።

ከበሩ አጠገብ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ በላስቲክ የተደፈነች ቀዳዳ አለች። መመሪያው ላይ ሥዕሉ አለ፦ ባትሪ ሲሞት ማኖቬላ የሚባል የእጅ ማዞሪያ ብረት ትሰካለህ፣ በእጅህ አሥራ ሁለት ጊዜ ታዞራለህ፣ በሩ ይከፈታል። ማኖቬላዋስ? አርባውንም ፈተሽን። አንድም የለም። የሻጩን ሰው በአስተርጓሚ ጠየቅነው። "እሱ ተጨማሪ ጥቅል ውስጥ ነው፤ እናንተ አልገዛችሁም" አለ። እኛ የገዛነው ተጨማሪ የባንዲራ መስቀያ ነው። ለያንዳንዱ መኪና ሁለት ሁለት።

ጥር 14

የበላያችን የኮሎኔሉ ቢሮ ገባሁ። ምንጣፉ አዲስ ነው፤ ግሪስ የነካ ጫማዬን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

"በሩ ይከፈታል አይከፈትም?"

"በኤሌክትሪክ ይከፈታል፣ ግን ባትሪው ከሞተ..."

"ይከፈታል አይከፈትም?"

"ይከፈታል።"

"እንግዲያው ምን ትጨቀጭቀኛለህ? የሰልፍ ትርኢቱ የዛሬ ሳምንት ነው።"

እኔው ልሥራው አልኩ። የብረት መቅረጫ ቶርኖ አለን፣ ብረት አለን፣ አንድ ወር ቢሰጠኝ ለአርባውም አወጣለሁ። "የጋራዥ ብረት አስገብተህ ጋራንቲውን ልታሳጣን ነው? አርፈህ ፈርም።"

ጥር 16

ፈረምኩ። "ሙሉ ሆኖ ተረክበናል" ይላል። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል... ምን ላድርግ? ፊውዝም ፈረመ። ቀልድ እንኳ አልቀለደም።

ጥር 21

ትርኢቱን በቴሌቪዥን አየን። አሥራ ሰባት ቁጥር ስታልፍ እናቷ ቆማ አጨበጨበች፣ አለቀሰች፣ ቴሌቪዥኑን ሳመችው። እኔ የማየው የኋላውን በር ብቻ ነበር። ባንዲራዎቹ ሲውለበለቡ ደግሞ ያምራሉ። ሆድ ይፍጀው።

ጥር 25

በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ቶርኖው ላይ አንድ ማኖቬላ አወጣሁ። አንድ ብቻ። ግቢው ውስጥ ከቆሙት በአንዱ ላይ ሞከርኳት። አሥራ ሁለት ዙር፣ አርባ ሰከንድ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ብቻዬን እንደ ልጅ ጨፈርኩ።

ሚጢ ልትሰናበት መጣች። ነገ ወደ ጠረፍ ይሄዳሉ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት።

"ምንድን ነው?"

ነገርኳት።

"ለሌሎቹስ?"

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

"መዝገብ ላይ አለች?"

"የለችም።"

"ወይ ጉድ! አንተ? ከረሜላዬን የወረወርክ ሰውዬ?" ሳቀች። ግን ወሰደቻት። ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ለአርባ መጮህ ነበረብኝ። ለአንድ ሠራሁ። ያውም ለገዛ ልጄ።

የካቲት 8

ምንም ወሬ የለም። ስልክ እዚያ አይሠራም አሉ።

የካቲት 14

ሬዲዮው አሁን ደግሞ ስለ ሰው አልባ አውሮፕላን ያወራል። እነሱም ተገዝተዋል፣ እነሱም ዘመናዊ ናቸው። ፊውዝ "እነዚህ ደህና ናቸው፣ ውስጣቸው ሰው የለም" አለ። ስቀን ወደ ሥራችን ተመለስን።

የካቲት 19

ደወለች! አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አቧራ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ማቀዝቀዣው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከኋላ የምትጭናቸው ሰባቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ ይዘፍናሉ። "ድምፃቸው የጥርስ ሕመም ነው አባዬ።" የአንደኛው ሚስት ልትወልድ ነው፤ ስም ፈልጊልኝ እያለ ያደርቃታል። በየቀኑ አንድ ስም ትሰጠዋለች፣ በየቀኑ አልወደውም ይላል። እየሳቀች ነበር። ስለ ማኖቬላዋ ልጠይቃት ስል ተቋረጠ።

መጋቢት 3

እመት ደረሰኝ ጠራችኝ። "ይህን ከጠረፍ መልሰውታል። የምን ዕቃ እንደሆነ መዝገቤ አያውቀውም፤ ምናልባት አንተ ታውቀው እንደሆን።" ጠረጴዛዋ ላይ ማኖቬላዬ! በሽቦ የታሰረ ካርቶን አለባት። ጽሕፈቱ የሚጢ ነው፣ ያ የተማሪ ቤት ክብ ክብ ፊደሏ። "ከመዝገብ ውጭ የተገኘ። ብረት ለበስ ቁጥር 17። ብዛት 1።"

ቆጠራ ነበር አሉ። ማንም አልፈተሻትም። ራሷ አውጥታ ሰጠች።

እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔው!

መልሺላት አልኳት እመት ደረሰኝን። "ቁጥር የሌለው ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም" አለች። ክፋት የላትም። ደንቡ ነው። ካርቶኑን ፈታ ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው።

መጋቢት 4

ለማኖቬላዋ ቁጥር ይስጡልኝ ብዬ ኮሎኔሉን ለመንኩት። "ቁጥር ሰጠሁ ማለት ዕቃ ጎድሎ ነበር ብዬ አመንኩ ማለት ነው። ጎድሎ ነበር እንዴ? ሙሉ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?"

በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

መጋቢት 7

ከእመት ደረሰኝ መደርደሪያ ሰረቅኳት። በሠላሳ አንድ ዓመት የሰረቅኩት የመጀመሪያ ዕቃ፣ እሱም የራሴ። ወደ ጠረፍ ስንቅ የሚያመላልሰውን ሹፌር ያዝኩትና በሻንጣህ ደብቀህ ለልጄ አድርስልኝ አልኩት። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

"ጋሼ... መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ... እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?"

ለመንኩት። እጁን ይዤ ለመንኩት። ሊያለቅስ ደረሰ እንጂ እሺ አላለኝም። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሁሉም ጎበዞች ነበሩ።

መጋቢት 15

አሥራ ሰባት ቁጥር ተቃጥሏል።

ሚጢ ተርፋለች።

ሰባቱ አልተረፉም።

መጋቢት 16

ተርፋለች ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። ጮክ ብዬ። ሰባት ቤት እየተለቀሰ እኔ ተመስገን አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 24

መጣች። ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቷ በማንኪያ ታበላታለች፣ እንደ ሕፃንነቷ። ከሦስት ማንኪያ በላይ አትውጥም።

ጠላት የለም፣ ተኩስ የለም። ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ነው። ከወንበሯ ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጠለ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ባትሪው ሞተ። ጭሱ ወደ ኋላ ገባ። እሷ በላይኛው ክዳን ወጥታ ወደ በሩ ሮጠች። በጎማ መፍቻ ሞከረች፣ ቀዳዳዋ አትቀበለውም። በካቻቢቴ፣ ባገኘችው ብረት ሁሉ ሞከረች። በመጨረሻ በጣቷ። ብረቱ ግሎ ነበር።

"በመጀመሪያ ይደበድቡ ነበር" አለች። ከዚያ ዝም አለች። እነሱም ዝም አሉ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

ቆይታ፦ "አባዬ፣ ስንት ዙር ነበር?"

ታውቀዋለች። ነግሬያታለሁ።

"አሥራ ሁለት" አልኳት።

መጋቢት 29

የዚያ ልጅ ሚስት ወለደች። ሴት ናት። ስልክ ደውላ ሚጢን ጠየቀቻት፦ "ስም መርጦላት ነበር? ላንቺ ነግሮሽ ይሆን?" ሚጢ ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አልነገራትም እኮ። አንዱንም አልወደደውም።

ሚያዝያ 2

ኮሎኔሉ ራሱ ጋራዥ ድረስ መጣ። ማኖቬላ ሥራ አለኝ። ብረት ተፈቅዷል፣ ትርፍ ሰዓት ተፈቅዷል፣ ስለ ጋራንቲ የሚያነሳ የለም።

"ስንት?"

"ሠላሳ ዘጠኝ።"

ፊውዝ ፊቱን አዞረ።

ማኖቬላዋ ቁጥርም ወጣላት። ወረቀቱን አሳየኝ። ቀኑ ጥር 16 ይላል።

"ጥር 16 ማኖቬላ አልነበረም እኮ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ነበረ" አለኝ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ለአርባውም ተሰጥቶ ነበር፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ግን ሹፌሯ አውጥታ መለሰችው... እንዲህ ሊሉ ነው! ማስረጃቸው ካርቶኑ፣ ያ ክብ ክብ ፊደሏ። የሚቀረው የኔ ፊርማ ነው። "ካልፈረምክ" አለኝ፣ "ጥር 16 የፈረምከው ውሸት ነበር ማለት ነው። የውሸት ርክክብ ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ታውቃለህ?" ሦስት ቀን አስብበት ብሎኝ ሄደ። አሳቢ ሰው።

ሚያዝያ 5

አልፈርምም አልኩ። ኮሎኔሉ አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ወረቀት አወጣ። ሚጢ ለቃጠሎው መርማሪዎች የሰጠችው ቃል ነው። "ማኖቬላውን ይዤ ነበር፤ በራሴ ፈቃድ መልሻለሁ።" ሥሩ የሕፃን ጭረት የመሰለ ፊርማ አለ። በፋሻ እጇ።

ወደ ቤት በረርኩ።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?!"

"ውሸት ነው? አልመለስኳትም?"

"ለሌሎቹ አልተሰጠም እኮ! በአንቺ ሊያላክኩ ነው!"

"ለሌሎቹ አልተሰጠም። ለሰባቱ ግን ነበረች አባዬ። እጄ ላይ ነበረች።"

እናቷ የያዘችው ሳህን ከእጇ አመለጠ። ስብርባሪውን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ሚያዝያ 6

ቀኑን ሙሉ ይህን ደብተር ሳገላብጥ ዋልኩ። ጥር 13፣ ጥር 14፣ ጥር 16... ሁሉም አለ። የኮሎኔሉ ቃል አለ። የኔ ውሸት አለ። የባንዲራ መስቀያው እንኳ አለ። ለመነጫነጭ የተገዛ ደብተር!

ነገ ለመርማሪዎቹ እወስደዋለሁ። የአባት ጽሑፍ ማን ያምናል? ትናንት ተቀምጦ የጻፈው ነው ይሉኛል። እኔን ያስሩኛል፣ እሷንም ላይለቋት ይችላሉ። ሰባቱን እንደሆነ የሚመልስ የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ተስፋ የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ግን እሷ ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም።

ባለቤቴ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስትጨርስ ተነሣች። ሻንጣዬን አውጥታ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽና የደም ግፊት ኪኒኔን ከተተች።

ሽፋኑ ላይ ሚጢ እንድትጽፍልኝ ፈልጌ ነበር። እጇ ግን... ራሴው ጻፍኩት።

"ከመዝገብ ውጭ የተገኘ። ደብተር። ብዛት 1።"