ሱሚትራ ታይ ውኃ በመጠጣቷ ለተቆጡት ጸሐፊያችን

ለክቡር ዲንካር ጎድቦሌ ሳሄብ
የሱክ ኒዋስ ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ
ናግፑር

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ በዚህ የግንቦት ሙቀት እንዴት እንደ ሆነ፣ የደም ግፊትዎም እንደ ወትሮው በማኅበሩ ስብሰባ ቀን ብቻ ከፍ ይል እንደ ሆነ ለማወቅ በታላቅ ጉጉት እጠይቃለሁ። እኔ በሦስተኛው ፎቅ በቁጥር 302 የምኖረው፣ ኮሌጅ ሂሳብ የማስተምረው ኢትዮጵያዊት ጎረቤትዎ፣ ባለፈው ዓርብ አሳንሰሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ስሜን በቀይ ቀለም ጽፈው ስላከበሩኝ ምስጋናዬን እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከማስጠንቀቂያዎ ጎን እለጥፋለሁ። በዘጠኝ ዓመት ጉርብትናችን ስሜን ሳይሳሳቱ ሲጽፉ ይህ የመጀመሪያዎ ነውና ደስታዬ ወሰን የለውም።

ማስጠንቀቂያው እንደሚለው፣ ቤቴን የምታጸዳው ሱሚትራ ታይ በእኔ ሽንት ቤት «ስትገለገል ተደርሶባታል»። ይህ ከቀጠለ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የበር ካርዷ ይነጠቃል። ካርዷ ከተነጠቀ ደግሞ የእኔን ቤት ብቻ ሳይሆን በዚህ ሕንጻ የምትሠራባቸውን ስድስቱንም ቤቶች ታጣለች፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናትና ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እርስዎ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ስለ ሆኑ መልሴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ሶፍት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ወደዚህ ስመጣ የወንድሜ ሚስት «እዚያ የለም አሉ» ብላ ሃያ አራት ጥቅል ሶፍት ሻንጣዬ ውስጥ አጭቃልኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ቧንቧው ተደፈነ፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን ከእኔ በታች ያሉት የሁለቱ ፎቆችም ጭምር። ቧንቧ ሠራተኛው ያቁብ የደፈነውን ነገር በረጅም ሽቦ እየጎተተ ሲያወጣ፣ እርስዎ ነዋሪውን ሁሉ ደረጃው ላይ ሰብስበው «ማዳም፣ እጅዎን ጭቃ ቢነካው በጋዜጣ ጠራርገው ምሳ ይበላሉ? አይበሉም! ይታጠባሉ! ታዲያ እዚያኛው ምን በደለዎ?» ብለው በአደባባይ አስተማሩኝ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ነገር ግን ለክርክርዎ አንድ ሳምንት ሙሉ መልስ ፈልጌ አጣሁለት፤ ዛሬም አላገኘሁለትም። ባልዲውንና ጆጉን አሜን ብዬ ተቀበልኩ፤ አሁን አገሬ ስሄድ የማዝነው ሶፍት ለምታቀብለኝ ለወንድሜ ሚስት ነው። ስለዚህ ውለታዎ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው።

2. ስለ ነጠላ ጫማና ስለ ውኃ ሰዓት። የሽንት ቤቱን ነጠላ ጫማ እንደ ተጫማሁ ጣፋጭ ላደርስ ወደ ቤታችሁ ብቅ ባልኩ ጊዜ፣ ክብርት ባለቤትዎ «በዚህ እግርሽ ነው ወጥ ቤቴን የረገጥሽው?» ብለው ወለሉን ፊቴ ቆመው ሦስት ጊዜ አጠቡት። ጣፋጩንም ለሽንት ቤት መታጠቢያ በተመደበው በግራ እጄ ይዤው ስለ ነበር ለጎዳና ውሻ ተሰጠ። ውኃ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ብቻ እንደሚመጣ፣ በዚያም ሰዓት ሰው ቢሞት እንኳ መጀመሪያ ባልዲ እንደሚሞላ ተማርኩ። የእኅቴ ልጅ በተወለደች ጠዋት ስልክ ሲደወልልኝ በርሜሉ ገና ግማሽ ላይ ስለ ነበር «ቆዩኝ» ብዬ ዘጋሁት፤ እኅቴ ይህን እስካሁን አልረሳችልኝም። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ እንዲሉ፣ ተጭኛለሁ፤ ተለጉሜያለሁ፤ ደህናም ሆኛለሁ።

3. ከተማርኳቸው ሁሉ ጠልቆ የገባኝ ግን ይህ ሦስተኛው ነው። በዚህ ሕንጻ ሽንት ቤት የሚያጸዳ ሰው ሽንት ቤት አይገባም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ የትም ተጽፎ አላየሁም፤ ብቻ አብሮ ሲኖሩ ይለመዳል። ሱሚትራን ሁላችንም «ታይ»፣ ታላቅ እኅታችን፣ እያልን እንጠራታለን፤ ታላቅ እኅታችን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ስድስት ቤት ትዞራለች፤ ዘጠኝ ሽንት ቤት በአሲድና በብሩሽ ትፈትጋለች፤ እስካለፈው መጋቢት ድረስ ግን ከዘጠኙ በአንዱ እንኳ አትጠቀምም ነበር። ምድር ቤት ለሠራተኞች ተብሎ የተሠራው ክፍል የጋኔሽ በዓል ድምፅ ማጉያና የድንኳን ቋሚ ታጭቆበት ተቆልፏል፤ ቁልፉም በክቡርነትዎ ኪስ ይገኛል። በዓሉ በዓመት አሥር ቀን ነው፤ የሱሚትራ ታይ ፊኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ውኃ ስሰጣት «ቆይቼ እጠጣለሁ ማዳም» ትለኝ ነበር። እኔም የሂሳብ አስተማሪዋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ በአርባ አምስት ዲግሪ ምን እንደሚያደርግ ሳላሰላ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት፣ ሰው አታስቸግርም» እያልኩ ሳመሰግናት ኖርኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ከእርስዎ ይልቅ የምቆጣው በራሴ ላይ ነው፤ እርስዎ ቢያንስ አስበውበት ነው ያደረጉት።

መጋቢት ላይ በጠራራ ፀሐይ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪሙ ኩላሊቷ እንደ ታመመ ነግሯት በቀን ሦስት ሊትር ውኃ እንድትጠጣ አዘዘላት። ሪክሾ ውስጥ ስንገባ «ሦስት ሊትር! ማዳም፣ ዶክተሩ ማስገቢያውን ነገሩኝ፤ ማውጫውን ማን ይንገረኝ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የእኔ ቤት አለልሽ ስላት «ሞቼ ነው! እሱ የማጸዳው እንጂ የምገባበት አይደለም» አለች። አራት ቀን ለመንኳት። በአምስተኛው ቀን ገባች፤ እንዳታፍር ብዬ ራዲዮኑን ጮክ አድርጌ ከፈትኩት። ከወጣች በኋላ ባየው፣ ገብታበታለችና ከወትሮው እጥፍ በአሲድ ፈትጋው ኖሮ ሽታው አያስቆምም። አለቀስኩ፤ ለአሲዱም አሳበብኩ።

4. ስለ ማኅበሩ ትጋት። ጣሪያችን ማፍሰስ ከጀመረ አራት ክረምት አልፎታል፤ ኮሚቴው «ጉዳዩን ይዞታል»። ክብርት ባለቤትዎ ግን እኔ ኮሌጅ ባለሁበት ሰዓት በ302 ውኃ ሲለቀቅ በግድግዳው በኩል በሰሙ በማግሥቱ፣ አምስት የኮሚቴ አባላት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው፣ ሻይና የተጠበሰ ሽምብራ ቀርቦላቸው፣ በሙሉ ድምፅ ወስነዋል። ይህን የመሰለ አንድነት ጣሪያው ቢያየው ኖሮ አፍሮ ማፍሰሱን ይተው ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምድር ቤቱን ቁልፍ። ድምፅ ማጉያዎቹን ሳሎኔ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ቋሚዎቹንም አልጋዬ ሥር እጋድማለሁ። ይህ እስኪሆን ድረስ ሱሚትራ ታይ በእኔ ሽንት ቤት ትገባለች፤ ይህን ጉዳይ ለድርድር አላቀርበውም።

ሰኞ ካርዷን ይነጥቁ እንደ ሆነ ግን፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸውን፣ ያለ ሰው ከአልጋ የማይነሱትን ክብርት እናትዎን በየጠዋቱ ደግፋ ሽንት ቤት የምታስገባቸው፣ የምታጥባቸውና የምታለብሳቸው ይህችው ሴት መሆኗን ማስታወስ የጎረቤት ግዴታዬ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያንን ሥራ ማን እንደሚረከብ ማስጠንቀቂያው አይገልጽም። በውኃ የመታጠብን ጥቅም ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በሕንጻው ስለ ሌለ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ እርስዎን እንደሚመርጥ አልጠራጠርም።

ለባልዲው የታመንኩ፣ ለውኃው ሰዓት የምገዛ፣ ነጠላ ጫማዬን በየበሩ የምለውጥ፣ ዕድሜና ሰፊ ልብ እንዲሰጥዎ ዘወትር የምመኝልዎ አክባሪዎ፣

ትርንጎ አበጋዝ
ቁጥር 302

ግልባጭ፦
ለስድስቱ ቤቶች
ለዘጠኙ ሽንት ቤቶች

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ክብርት እናትዎ አስጠሩኝ። ሱሚትራ ታይ እያጠበቻቸው ሳለ አልቅሳ ሁሉን ነግራቸዋለች። «ልጄ ላንቺ ብቻ ነው የጻፈው?» አሉኝ። «ካንቺ ቤትማ ይልቅ የምትገባው በኔው ነው። ከወደቀችበት ሳምንት ጀምሮ። እኔን አስገብታ በሩን ትዘጋለች፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ሆኜ እሷን እጠብቃታለሁ። ምራቴ ስትጣራ ‹ገና አልጨረስኩም!› እላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምኑን እደብቃለሁ? ጻፊው!» ሱሚትራ ታይም «እሳቸው ካሉ ይጻፍ» ብላለች። ማኅበራችን በሕግ ፊት አድልዎ እንደማያውቅ ስለማምን፣ ቀጣዩ ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ለእናትዎ እንዲጻፍ በአክብሮት አሳስባለሁ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ራስዎ ያንብቡላቸው፤ ጆሯቸውም ስለ ደከመ፣ ሕንጻው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብለው።