ቀይዋ የቮልቴጅ መቀየሪያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

አገሩ እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? እኛ እግዜር ይመስገን፣ ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን።

የላክኸው ኮምፒውተር ደርሶ ነበር፤ ግን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክፍሉ፣ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ። አትቆጣ፣ የሰካው አባባ ነው። ሰፈሩ «ቴስተር» የሚለው በከንቱ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖሮ፣ ቮልቴጁን ጮክ ብሎ ሳያነብ አንድም ነገር ሰክቶ አያውቅም። ያን ዕለትም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለችውን ቀይ መቀየሪያ በጥፍሩ ነካ አድርጎ «መቶ አስራ አምስት» ብሎ አነበበ። የቤታችን ሁለት መቶ ሃያ መሆኑን ያስተማረኝ እሱ ነው። «አባባ፣ አትቀይረውም?» ስለው «ልክ ነው» አለና ሰካው። ጧ አለ፤ ክፍሉ በጭስ ታፈነ።

መቼም ሰው ነው፣ ይሳሳታል አልኩ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን «ወንድምሽ እልካለሁ ያለው ኮምፒውተር የት ደረሰ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤቶቹ የምድጃቸውን ሽቦ እንዲያይላቸው ሰው ላኩበት። አሞታል ብዬ መለስኩ። ይህን ስጽፍልህ «ፒንሳዬን ማን ወሰደብኝ?» እያለ ቤቱን ያምሰዋል። እኔም ብድግ እያልኩ አልጋ ሥር አብሬው እፈልጋለሁ። ፒንሳው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው።

ሌላ ወሬ የለኝም። ብቻ ለከርሞ እመጣለሁ ያልከውን ዘንድሮ አድርገው። መንገዱን ያቅናልህ።

ታናሽ እህትህ