እጇ አንተ ጋ የቀረ ሴት

ውድ ምንያህል፣

ደህንነትህን ልጃችን ሀኒ በየቅዳሜው ከአንተ ስትመለስ ስለምትነግረኝ፣ «እንደምን ሰነበትክ»ን ዘልዬዋለሁ። ቴክስት ያላደረግኩልህ በምክንያት ነው። የፈለግኩትን ያህል ብጽፍልህ «ኦኬ» ብለህ ነው የምትመልሰው። ለደብዳቤ «ኦኬ» ማለት ግን ያሳፍራል፤ ቢያንስ ፖስታውን ከፍተህ ትቀመጣለህ። በልጅህ ቦርሳ፣ ከምሳ ዕቃዋ ጋር የላክሁልህ ለዚህ ነው።

ነገሩ ስለ ስዕሉ ነው። ክሊንተንቪል ሰፈር፣ የሞቱ ሴትዮ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ በየክፍሉ ሲሸጥ ገብተን ያገኘነው። አንተ መሰላል ልትገዛ ነበር የገባኸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሁለቱን ፍሬም አይቼ «ና እስቲ፣ ይሄ ተራራ የናንተን አገር አይመስልም?» ስልህ መሰላሉን ጥለህ መጣህ። በድሮ የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ የታተመ፣ ሁለት ገጽ የሚሞላ ስዕል ነው፤ በእኛ በ1860 እንግሊዞች መቅደላን አቃጥለው ሲመለሱ። ሰፊ ስለሆነ ለሁለት ፍሬም ከፍለውታል። በግራው ወታደሩና ዝሆኑ፣ በቀኙ ተራራውና ከተራራው የሚወርደው ሕዝብ።

አንተ የመቅደላ ጎረቤት፣ የተንታ ልጅ አይደለህ! መነጽርህን አውልቀህ አፍንጫህን መስታወቱ ላይ ለጠፍክና «ይሄ የሳለው ሰውዬማ ቦታው ላይ ነበረ» አልክ። እንዴት አወቅህ ስልህ፣ ከሕዝቡ መሀል በቅሎ የተቀመጠውን ሰው እግር አሳየኸኝ። እርካቡ ውስጥ የገባው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። «አያቴ እንዲህ ነበር የሚጋልበው። ለንደን ቁጭ ብሎ ይሄን ከየት ያመጣዋል?»

«ለዘራፊዎቹ ብሎ ነው የሳለው፤ ጣቱን ቢያሳምረው ምን ይፈይዳል?» አልኩህ፣ ለመከራከር ብዬ።

«ዘራፊም ዓይን አለው» አልከኝ። እቤት እስክንደርስ ተጨቃጨቅን። እንዴት ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነበር!

የኋላውንማ ታውቀዋለህ። አንተ ሌሊት ትራክ ላይ፣ እኔ ቀን ዌርሃውስ፤ ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት የምንነጋገር ባልና ሚስት ሆንን። ስንገናኝ ደግሞ ማን ይበልጥ እንደደከመው ክርክር። የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ ጋሼ ከተማና እትዬ ዘርፌ፣ ሊያስታርቁን ደጋግመው መጥተው ሲያቅታቸው «እንግዲያው በሰላም ተካፈሉ» ብለው ሳሎናችን ውስጥ ዕቃ ማካፈል ጀመሩ።

ትዝ ይልሃል? ሶፋው ለእኔና ለሀኒ፣ ቴሌቪዥኑ ለአንተ። ጋሼ ከተማ ለማንም እንዳያደሉ ሲጨነቁ ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩና ፊታቸው በራ። «ተመስገን! እነዚህስ ሁለት ናቸው፤ እናንተም ሁለት ናችሁ» አሉ። ግራውን ለአንተ፣ ቀኙን ለእኔ። እትዬ ዘርፌም «እንዲህ ነው እንጂ ፍርድ!» ብለው መረቋቸው። አንድ ስዕል መሆኑን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነበርን። አየኸኝ፤ አየሁህ። ማናችንም አልተናገርንም። ኩራት እራት አይሆንም ይላሉ፤ እኛ ያን ቀን እሱኑ በልተን አደርን።

ባለፈው እሁድ ፍሬሙን ላጸዳ አወረድኩት። በግራ ጠርዙ በኩል አንዲት ሴት አለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቁልቁለቱን የምትወርድ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! በየቀኑ አጠገቧ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየኋትም። እጇ ወደፊት ተዘርግቷል፤ ግን የእጅ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቃል። እጇ አንተ ጋ ነው፣ ምንያህል።

ምን ይዛ ነው? ሥራ ላይ ካርቶን እያሸግሁ እንኳ የማስበው እሱን ነው። የበቅሎ ልጓም ከሆነ፣ ቢያንስ ያላትን ጭናለች። ልጅ ከሆነ፣ ልጁ አንተ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ ከወታደሮቹ መሀል። ወይስ ወታደር ነው እየጎተተ የሚወስዳት? ፊቷን አይቼ እንዳልለይ ነጠላዋ ጋርዷታል። አብረው ተሰቅለው ሳሉ እኛ የምናየው የዚያን ሰውዬ አውራ ጣት ብቻ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ሀኒ መጨነቄን አይታ «ማሚ፣ ጀስት ጉግል ኢት!» ብላ ስልኬን ልታነሳ ስትል ነጠቅኋት። «ዋይ?» አለችኝ፤ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። እሷ ደግሞ ወደ ስዕሉ ጠጋ ብላ «ሜይቢ ሺ ኢዝ ዌቪንግ» አለች። አገር እየተቃጠለ ሰላምታ! የአንተው ልጅ ናት፣ ሳቄን ለቀቅኩት። ከዚያ እንደ ዋዛ «አባትሽ የሱን የት ሰቀለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሂ ዲድንት። ክሎዜት ውስጥ ነው፣ በጋቢ ራፕ አድርጎታል። ዋይ ስለው፣ ግማሽ አይሰቀልም አለኝ።»

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጋቢውም እናትህ ለሰርጋችን የላኩት እንደሆነ ገባኝ።

ናፍቀኸኛል። ይኸው ጻፍኩት። ድካሙ ይቀራል አልልህም፤ አንተም ትራክህን አትተውም፣ እኔም ሺፍቴን። ግን ያንን ደስ የሚለውን ጭቅጭቅ መልሼ እፈልገዋለሁ።

እሁድ ሁለታችንም ኦፍ ነን። ከአንተ ከሊንደን የእኛ ብሌንደን ሩቅ አይደለም፤ ይዘኸው ና። ይህን አንብበህ ቁም ሳጥኑን ለመክፈት እጅህን እንደሚበላህ አውቃለሁ። ሀኒ ትሙት፣ ጋቢውን እንዳትፈታው! አብረን እንየው። እንወራረድ፦ ልጓም ከሆነ አንተ አሸነፍክ፤ ልጅ ከሆነ እኔ። ወታደር ከሆነ አብረን እንናደዳለን። እጇ ባዶ ከሆነስ? እሱን ብቻዬን ማየት አልፈልግም።

የግራውን ሚስማር አልነቀልኩትም።

ቀኙ ገጽ እጇ ላይ የቀረ፣
ማህደር