ብርብራና መንጠቆ

ልጄ ኢልሊ፣

ማዕበሉን ዝም ያሰኘው ጌታ በመርከብም በየብስም አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። የጓሯችን ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉን እስኪሰብር አፍርቷል፤ የአባትሽ ጉልበት ግን ዝናብ ሊመጣ ሲል መጠዝጠዙን አልተወም።

ሰሞኑን ዳቡስ ወንዝ ላይ ዓሣው በጅምላ ሞቶ ተንሳፈፈ። ከሩቅ በመኪና የመጡ ነጋዴዎች ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ ጨምረው ነው። በቅርቡ የተቋቋመው ክልላችን የሾመልን የወረዳ ኃላፊ ስብሰባ ጠርቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ዓሣ እንዳያጠምድ!» አለ። በመንጠቆ ልጆቹን የሚያሳድገው ጎረቤታችን ሐምዳን አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ብድግ አልኩ።

«ልጄ ሴኔጋል ሆና የምታጠናው ይህንኑ የዓሣ ጥበቃ ነው» አልኩት። «እዚያም ባሕሩን ጠርገው የሚወስዱት ትልልቅ መርከቦች ናቸው፤ የሚቀጣው ግን ባለ ታንኳው ነው። ብርብራውን ከልክሉ፣ መንጠቆውን ተዉ። ወንዙንም ባለ መንጠቆዎቹ ይጠብቁት፤ ከነሱ በላይ ማን ይሳሳለታል?»

ቤቱ በጭብጨባ ሲሞላ ኃላፊው ሳይወድ በግዱ ተስማማ። አሁን ወንዙን የሚጠብቁት ሐምዳንና ጓደኞቹ ናቸው። ሐምዳን ሲያየኝ «የዓሣ ጠበቃ እናት» ይለኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ለትምህርትሽ ስትይ ከባሕር ጠባቂዎች ጋር ሌባ መርከብ ልታሳድጂ ባሕር ላይ ትወጫለሽ፤ ዳቡስ ዳር አድገሽ ግን ዋና አታውቂም። የጀመርሽውን ይባርክልሽ፣ ልጄ። ጌታ እንደሚጠብቅሽ አልጠራጠርም፤ አንቺም እጅና እግርሽን ማንቀሳቀሱን ተማሪለት።

እናትሽ ብሪቱ፣ ከባምባሲ